የቱን ቻርሊ ነው ያያችሁት?

ይህ ንግግር ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም፣ በብሎካችን ኮሚናል ውስጥ ለሰፈሩ የፊልም ክበብ የቀረበ ነው። እንዳለ ነው የተጻፈው፤ የወንበር ጫጫታውን ብቻ ነው ያወጣሁት።

እንደምን አመሻችሁ!

ኧረ እንደምን አመሻችሁ! እሺ፣ አሁን ተሰማኝ። እግዚአብሔር ይስጥልኝ። በሩ ጋ የቆማችሁ ልጆች ወደፊት ኑ፣ ምንጣፉ ላይ ቦታ አለ። እማማ፣ እርስዎ እዚህ ይቀመጡ፤ ይነሳልዎታል። ተነስላቸው እንጂ አንተ!

ውድ ጎረቤቶቼ፣ ብዙ አላስቀምጣችሁም። ክበባችን የፊታችን ቅዳሜ ማታ የቻርሊ ቻፕሊንን «ዘ ጎልድ ረሽ» ለሰፈሩ ያሳያል። ያን የወርቅ ፍለጋውን፣ ጫማ ቀቅለው የሚበሉበትን። እኔ ደግሞ አንድ ጥያቄ እንድመልስ ታዝዣለሁ፦ የትኛውን ቅጂ እናሳይ?

ጥያቄው ሲነሳ አንዳንዶቻችሁ ስቃችኋል። «ቻርሊ ያው ቻርሊ ነው፤ ከኢንተርኔት አውርደህ በፍላሽ አምጣውና እንገላገል» ያለኝም አለ። ስሙን አልጠራም፤ እዚሁ ተቀምጧል።

እሺ፣ እስቲ ልጠይቃችሁ። ፊልሙን አይቻለሁ የምትሉ እጃችሁን አውጡ። ኦ! ብዙ ናችሁ። አሁን ደግሞ፣ መጨረሻው ላይ ቻርሊና ጆርጂያ መርከቡ ላይ ሲሳሳሙ ያላያችሁ አውርዱ።

አያችሁ? ግማሹ ወረደ። ያወረዳችሁት አልረሳችሁም። ያላወረዳችሁትም አልቀጠፋችሁም። ያያችሁት አንድ ስም ያላቸው ሁለት ፊልሞች ነው። ሁለቱንም የሠራው ደግሞ ያው ራሱ ቻፕሊን ነው።

ሦስት ነገር እናገራለሁ። አንደኛ፣ አንዱ ፊልም እንዴት ሁለት ሆነ? ሁለተኛ፣ ሁለቱ በምን ይለያያሉ? ሦስተኛ፣ ገበያ ላይ ያለው ዲስክና ኮፒ ነገር። ሁለተኛው ላይ ትንሽ እቆያለሁ፤ የጉዳዩ ሆድ እዚያ ስለሆነ ታገሱኝ።

አንደኛውን ልጀምር። ዓመቶቹን በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጠራው። ሰባትና ስምንት እየቀነሳችሁ አትድከሙ።

ፊልሙ ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው ጁን 26 ቀን 1925 ነው። ቦታው ሆሊውድ፣ የጥንት ግብፅን ቤተ መቅደስ አስመስለው በሠሩት ሲኒማ ቤት። ድምፅ የለውም። መሀል መሀል ላይ ምስሉ ይቆምና ጽሑፍ ይወጣል፤ ሰዎቹ ያሉትን እሱ ላይ ታነባላችሁ። አዳራሹ ውስጥ ሙዚቀኞች ይጫወታሉ። በቃ፣ የዚያን ጊዜ ሲኒማ እንዲህ ነበር። የእኛም አያቶች አዲስ አበባ ውስጥ «የሰይጣን ቤት» ያሉት ሲኒማ ድምፅ አልነበረውም። ሰይጣኑ ዝምተኛ ነበር ማለት ነው።

ታሪኩን የማታውቁ ካላችሁ ባጭሩ ልንገራችሁ። አንድ ምስኪን ሰውዬ ወርቅ ፍለጋ በረዶ አገር፣ አላስካ ይወርዳል። በውሽንፍር ጊዜ ቢግ ጂም ከሚባል ግዙፍ ሰው ጋር አንዲት ጎጆ ውስጥ ይታገታል። ረሃብ ይጠናል። በኋላ ከተማ ወርዶ ጆርጂያ የምትባል የጭፈራ ቤት ልጅ ይወዳል። እሷ አታየውም። እሷ የምታየው ጃክ የሚባለውን መልከ መልካም ጉረኛ ነው። የዚህ ዓይነቱን ጃክ የማያውቅ ሰፈር የለም።

ከዚያ 1942 መጣ። አሥራ ሰባት ዓመት አልፏል። ፊልም መናገር ከጀመረ ቆይቷል። ቻፕሊን የድሮ ፊልሙን አወጣና እንደገና ተቀመጠበት። የጽሑፍ ካርዶቹን አወጣ። በነሱ ቦታ የራሱን ድምፅ አስገባ፤ ታሪኩን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ራሱ ይተርካል። ሙዚቃውን ራሱ ደረሰ። አንዳንድ ቦታ ቆረጠ፣ አንዳንድ ቦታ ለወጠ። 95 ደቂቃ ገደማ የነበረው 72 ደቂቃ ሆነ። አዲሱ ቅጂ በድምፅና በሙዚቃ ለሁለት ኦስካር ታጨ። የቻፕሊን ወገን ለረጅም ዘመን «ትክክለኛው ይሄኛው ነው» ሲል ኖሯል።

ስለዚህ ማንም ባዕድ መቀስ አልነካውም። ባለቤቱ ነው የነካው። ይህን ያዙልኝ። ምክንያቱም አሁን ከባለቤቱ ጋር ልጣላ ነው።

ሁለተኛው ነጥብ። ልዩነቱ።

ደብዳቤዋን እንውሰድ። አይታችሁት ይሆናል፣ ግን እንዲህ ሆኖ አይታችሁት ይሆን?

የአዲስ ዓመት ዋዜማ ነው። ቻርሊ ጆርጂያንና ጓደኞቿን እራት ጠርቷል። ጠረጴዛውን አሳምሮ ይጠብቃል። እነሱ ረስተውታል። ጠብቆ ጠብቆ ያንቀላፋል፤ ያቺ ሁለት ዳቦ በሹካ ወግቶ የሚያስጨፍርባት ነገር የምትመጣው በሕልሙ ነው። በኋላ ጆርጂያ ትዝ ይላትና ከነጃክ ጋር ለቀልድ ወደ ጎጆው ትሄዳለች። እሱ የለም። የተዘረጋውን ገበታ ታያለች። ፊቷ ይለወጣል። ጃክ እዚያው ሊስማት ሲታገላት በጥፊ ትለዋለች።

በማግስቱ ማታ ጆርጂያ ደብዳቤ ትጽፋለች። ልብ በሉ። በ1925ቱ ፊልም ደብዳቤውን የምትጽፈው ለማን ነው? ለጃክ! ይቅር በለኝ፣ እወድሃለሁ ትለዋለች። ጃክ ያነብና ይስቃል። ለጓደኞቹ ያሳያል። በዚያው ቅጽበት ቻርሊ በበሩ ሲገባ ያየዋል። አስተናጋጁን ይጠራና «ለዚያ ሰውዬ ስጠው» ይለዋል። ቻርሊ ይቀበላል፣ ያነባል፣ ያብዳል! በደስታ ሰው እየገፋ ይሮጣል። ጆርጂያን ሰገነት ላይ አይቶ ይወጣል፣ ያቅፋታል፣ ሰው ሆኜ እመለሳለሁ ይላታል። እሷ ምን እንደሚያወራ አልገባትም። እኛ ገብቶናል። አዳራሹ ሙሉ ገብቶታል። የማያውቀው እሱ ብቻ ነው።

በ1942ቱስ? ደብዳቤዋ በቀጥታ ለቻርሊ ነው። እራቱ ላይ ሳልመጣ ስለቀረሁ ይቅርታ ትለዋለች። አለቀ። ጃክ የለበትም። ፌዝ የለም።

ምን ጎደለ ትሉ ይሆናል። እንዲያውም ጆርጂያ ጥሩ ልጅ ሆነች፤ ምን ከፋ? ይኸውላችሁ። መጨረሻው ላይ ቻርሊ ሚሊየነር ሆኖ መርከብ ላይ ነው። ለፎቶ ብሎ የድሮ ቡትቶውን ለብሷል። ጆርጂያ እዚያው መርከብ ላይ ናት፤ ስታየው ያለ ቲኬት ተደብቆ የገባ መሰላት። ሊይዙት ሲመጡ «እኔ እከፍልለታለሁ» ትላለች። ይህ በሁለቱም ቅጂ አለ። አሁን አስቡት። ደብዳቤውን ለቻርሊ የጻፈችለት ልጅ ይህን ብታደርግ ደግ ናት፤ ግን ደግነቷን አስቀድመን አውቀናል። ደብዳቤውን ለጃክ የጻፈችው ልጅ፣ ይህን ሰውዬ ከቁም ነገር ቆጥራው የማታውቀው ልጅ፣ መናጢ ድሃ መስሏት ቦርሳዋን ስትከፍትለትስ? ያኔ ነው አንጀት የሚላወሰው። ቻፕሊን ያችን ፌዝ ሲያወጣ የመርከቧን ትዕይንት ጉልበት ግማሹን ይዞ ሄደ። የኔ ፍርድ ይህ ነው። የማይስማማ በኋላ እንከራከራለን።

መሳሙም እንደዚያው። በ1925ቱ ፎቶ አንሺው ተስተካከሉ ሲላቸው እነሱ ይሳሳማሉ፣ እሱ ፎቶዬን አበላሻችሁት ብሎ ይቆጣል፣ ፊልሙ ያልቃል። በ1942ቱ መሳም የለም። እማማ፣ አይስጉ፤ የሚያሳፍር ነገር የለውም። ከዚህ የባሰ በየቀኑ ቴሌቪዥን ላይ ያያሉ።

አሁን ወደ ትረካው ልምጣ። እዚህ ላይ አንድ የልጅነት ወሬ ልንገራችሁ።

እኔ ባደግኩበት ሰፈር ቪዲዮ ቤት ነበር። ቆርቆሮ በቆርቆሮ፣ በአግዳሚ ወንበር። በሃምሳ ሳንቲም ትገባላችሁ። ከቴሌቪዥኑ ጎን አንድ ልጅ ይቆማል፤ ሥራው ማስተርጎም ነው። እንግሊዝኛ ይችል ነበር ወይ? ኧረ ወዲያ! ግን ይተርክ ነበር። የህንድ ፊልም ቢሆን፣ ካራቴ ቢሆን፣ ምን ቢሆን። «አሁን አባቱን የገደለውን ሊበቀል ነው» ይላል፤ ሰውዬው ውሃ ሊቀዳ እየሄደ ነው። እኛ ግን አምነነው እንቁነጠነጣለን።

ቻርሊ ሲመጣ የሱ ቀን ነው። የሚሻማው ድምፅ የለማ! ቻርሊን ያናግረዋል፣ ጂምን ያናግረዋል፣ ድቡንም ያናግረዋል። ሰው ከአግዳሚው ይወድቃል በሳቅ።

አንድ ቀን ሌላ ካሴት መጣ። ያው ወርቅ ፍለጋ። ሲከፈት ግን አንድ ፈረንጅ በእንግሊዝኛ ያወራል። ተርጓሚያችን ጀመረ፣ ፈረንጁም ቀጠለ። እሱ ጮኸ፣ ፈረንጁ አልተበገረም። ሁለቱ እየተደማመሩ ማንንም መስማት አቃተን። ከኋላ «አንዳችሁ ዝም በሉ!» የሚል መጣ። በመጨረሻ ተርጓሚው ተናዶ ድምፁን ዘጋው። ፈረንጁ ጠፋ። ሙዚቃውም አብሮ ጠፋ። ጭር ባለ ቤት ውስጥ ቻርሊ ይወድቃል፣ ይነሳል፣ የሚስቅ የለም።

ያ ፈረንጅ ማን እንደሆነ ያወቅኩት ብዙ ቆይቼ ነው። ራሱ ቻፕሊን ነበር። የ1942ቱ ቅጂ ነበር። ተርጓሚያችን ቻፕሊንን በቻፕሊን ፊልም ላይ ዝም አሰኝቶት ነበር ማለት ነው።

አየነው እንግዲህ ችግሩን። ድምፁ መጥፎ ሆኖ አይደለም። ሞቅ ያለ፣ ጨዋታ አዋቂ ድምፅ ነው፤ ቻርሊን «ትንሹ ሰውዬ» እያለ በፍቅር ነው የሚያወራለት። እንግሊዝኛ ለሚሰማ ሰው ደስ ይላል። ሙዚቃውማ ግሩም ነው። ግን ቦታው ተይዟል። ለእኛ የተተወ ክፍት ቦታ የለም። የጽሑፍ ካርድ ያለው ፊልም ሲሆን ግን እኛ ነን የምንናገረው። ካርዱ ይወጣል፣ አንድ ሰው በአማርኛ ጮክ ብሎ ያነበዋል፣ ከዚያ ዝም ይላል። ኮሚናሉ ውስጥ ፊደል ያልቆጠረም ቢኖር እኩል ይከተላል። አፋን ኦሮሞ የሚቀናው ካለም አንባቢ መጨመር ነው። ቻፕሊን በ1942 የዘጋው በር ይህ ነው፤ በ1925 ክፍት ነበር።

ደግሞ ብዙ ካርድ አያስፈልግም። አጎቴ በወጣትነቱ ሻኪሶ ወርቅ ቁፋሮ ወርዶ ነበር። እንግሊዝኛ አያውቅም። ይህን ፊልም አብረን ስናይ ጫማዋ ጋ ደረስን። ቻርሊ ጫማውን ቀቅሎ፣ አቅርቦ፣ ከላይ ያለውን ቆዳ ከሶሉ ለያይቶ ለጂም ያካፍላል። ክሩን እንደ ፓስታ ሹካው ላይ ይጠቀልላል። ሚስማሮቹን እንደ ዶሮ አጥንት አንድ በአንድ ይመጣል። እኛ እንስቃለን። አጎቴ አልሳቀም። ዝም ብሎ አየና «ይሄ ሰውዬ ተርቦ ያውቃል» አለ።

ማን ነገረው? ቻፕሊን በልጅነቱ ለንደን ውስጥ የድሆች መጠለያ ገብቶ ነበር፤ አጎቴ ይህን የሚያውቅበት መንገድ የለም። ጫማዋም ከከረሜላ፣ ከዚያ ጥቁር ሊኮሪስ ከሚባለው ነበር የተሠራችው። እሱን ስነግረው እንኳ አልተለወጠም። «ቢሆንም» አለ።

እሺ፣ ሦስተኛው። ዲስክና ኮፒ። እዚህ ላይ ፈጠን እላለሁ።

ለምንድን ነው የዚህ ፊልም ርካሽ ኮፒ እንደ አሸን የፈላው? የ1925ቱ ፊልም የአሜሪካ የባለቤትነት መብት ከ28 ዓመት በኋላ መታደስ ነበረበት፤ አልታደሰም። ስለዚህ ያገኘ ሁሉ አባዛው። ያረጀ ኮፒ ኮፒ፣ የኮፒ ኮፒ። ምልክቱን ልንገራችሁ፤ በረዶውን እዩ። በረዶው ነጭ ወረቀት ከሆነና የቻርሊ ፊት ከበረዶው ጋር ከተቀላቀለ፣ ዝጉት። ደህና ቅጂ ላይ በረዶው ጥላ አለው፣ ዱካው ይታያል። የመጀመሪያውን ትዕይንት ተመልከቱ፦ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎች በረዷማውን ተራራ በሰልፍ ይወጣሉ። ደህና ቅጂ ላይ ሰው ናቸው። ፎርጅዱ ላይ አንድ ጥቁር መስመር ብቻ ነው።

ሁለተኛው ምልክት ፍጥነት ነው። ያኔ ካሜራ በእጅ ነበር የሚዞረው። በሰከንድ ከ24 ባነሰ ምስል የተቀረጸውን በ24 ስታጫውቱት ሰው ሁሉ ይቸኩላል። እርግጥ ቻፕሊን ለሳቁ ሲል ሆን ብሎም ያፈጥን ነበር። ግን ጆርጂያ የተዘረጋውን ገበታ የምታይበት ቦታ ላይ ከተቸኮለ፣ ያ የቻፕሊን ሥራ አይደለም፤ የአባዢው ነው።

ደቂቃ ስትቆጥሩም ተጠንቀቁ። እኛ አገር ፓል በሚባለው ሲስተም ነው የምንጠቀመው፤ በሰከንድ 25 ምስል። በ24 የተዘጋጀ ፊልም በፓል ዲቪዲ ሲሆን በመቶ 4 ያህል ያጥራል። 95 የነበረው 91 ቢል የተቆረጠ እንዳይመስላችሁ። 72 ቢል ግን በአብዛኛው የ1942ቱ ነው።

ደህናዎቹስ? ኬቪን ብራውንሎውና ዴቪድ ጊል የሚባሉ ሁለት ሰዎች በ1993 የ1925ቱን ፊልም መልሰው ገጣጥመውታል። ለምን መገጣጠም አስፈለገ? ቻፕሊን የ1942ቱን ሲሠራ የገዛ ኔጋቲቩን፣ ኮፒ የሚታተምበትን ዋናውን ፊልም፣ ስለቆረጠ ነው። ስለዚህ የ1925ቱን ስታዩ አንዱ ምስል ጥርት ያለ፣ ቀጣዩ የተጫረ ሊሆን ይችላል። ከዚህም ከዚያም የተለቀመ ስለሆነ ነው። በ2003 ሁለት ዲስክ ያለው ዲቪዲ ወጣ፤ ዋናው የ1942ቱ ነው፣ የ1925ቱ በፒያኖ ታጅቦ ሁለተኛው ዲስክ ላይ አለ። በ2012 ክራይቴሪዮን የሚባለው የአሜሪካ ፊልም አሳታሚ ሁለቱንም አንድ ላይ አወጣ። እዚያ ላይ የ1925ቱ የሚታጀበው ቻፕሊን ራሱ ለ1942ቱ በደረሰው ሙዚቃ ነው፤ ለድምፅ አልባው ተስተካክሎ እንደገና ተቀርጿል። ገባችሁ አይደል? ሙዚቃው አለ፣ ወሬው የለም። የሰፈራችንን ተርጓሚ ያቃጠለው ጣጣ ተፈታ ማለት ነው።

በ2025 ደግሞ ፊልሙ መቶ ዓመት ሲሞላው ጣሊያን አገር ያለው የቦሎኛው ሲኒማቴክ፣ የፊልም ቤተ መዛግብት ማለት ነው፣ በ4ኬ፣ በጣም ጥርት ባለ ምስል፣ ያደሰው ቅጂ መጀመሪያ ካን ፌስቲቫል ላይ፣ ከዚያ ጁን 26 ቀን በብዙ አገር ሲኒማ ቤቶች ታየ። የታየው የትኛው ነው? የ1925ቱ! እኔ ብቻዬን አይደለሁም።

ከውጭ ዘመድ ለምታስመጡ አንድ ነገር። ዲስክ በዓለም ክልል ተከፋፍሏል፤ የአንዱ ክልል ዲስክ በሌላው ክልል ማጫወቻ እንቢ ሊል ይችላል። በዲቪዲ እኛ 5 ነን፣ አሜሪካ 1። በብሉሬይ አፍሪካ «ቢ» ናት፣ አሜሪካ «ኤ»። አንድ ዘመዴ ከአሜሪካ ሌላ ፊልም አምጥቶልኝ፣ ዲስኩ ኦርጅናል፣ ማጫወቻው ኦርጅናል፣ ስክሪኑ ላይ ግን የሚወጣው «አይቻልም» የሚል ብቻ። ዲስኩ አሁን የመስኮት መጋረጃዬ ላይ ተንጠልጥሎ እርግብ ያባርራል። ስለዚህ ሳታስልኩ ጀርባውን ይዩላችሁ፣ ወይም ሁሉን የሚያጫውት ማጫወቻ ይኑራችሁ። ክበባችን ጋ ጎረቤታችን ያዋሰን አንድ አለ፤ ሞክሬዋለሁ፣ ይሠራል።

እንግዲህ የኔ ሐሳብ ይህ ነው። ቅዳሜ የ1925ቱን እናሳይ። ጭረት አለው፣ እወቁት። የ1942ቱን የምትወዱ አላችሁ፤ ተከራክራችሁኛልም፤ ሌላ ቅዳሜ ለብቻው እናሳየዋለን፣ ለልጆቹ እንግሊዝኛም ይጠቅማል። ሁለቱን በአንድ ማታ ግን አይሆንም፤ ታክሲ የሚይዝ እንግዳ ይኖረናል፣ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት በኋላ ከዚህ ታክሲ እንዴት እንደሆነ ለእናንተ አልነግራችሁም።

የሚያስፈልገኝ ሁለት አንባቢ ነው፤ አንድ ሴት፣ አንድ ወንድ። የጆርጂያን እሷ፣ ሌላውን እሱ። ካርዶቹን አማርኛ አድርገናቸዋል፤ ወረቀቱ እዚህ ጠረጴዛው ላይ ነው። አጭር አጭር ነው፤ ካርዱ ሳይጠፋ ማለቅ አለበት። ሕጉ አንድ ነው፦ የተጻፈውን ማንበብ፣ ከዚያ ዝም። ፈጠራ የለም! እኔ ፈጠራ ያደረገው ልጅ ወዳጅ ነኝ፣ ግን ቅዳሜ አይሆንም።

ልምምዱ ሐሙስ አሥራ ሁለት ሰዓት እዚሁ ነው። መብራት ከሄደ በጄኔሬተሩ እንቀጥላለን፤ የነዳጁ መዋጮ በሩ ጋ ባለው ሳጥን ነው። ጥያቄ ያለው? ጋሼ፣ እርስዎ ይጀምሩ። የ1942ቱ ወገን እንደሆኑ ከፊትዎ ያስታውቃል።